ጥቁር መኪና ክረምት ሳይገባበት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ባሕር ዳር ይኖራሉ፤ በየሳምንቱ ለሥራ ወደ ፎገራ ይመላለሳሉ። ያገለገለ ጥቁር ያሪስ ገዝተዋል። ጥላ ውስጥ ሲያዩት ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ኮፈኑና ጣሪያው የሸረሪት ድር ይመስላል። አንድ ጋራዥ «በሁለት ሰዓት በማሽን እናጠፋዋለን» ብሏቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሙሉ ቀለም ካልተቀባ አይድንም» ብሏል። «ሰኔ ሳይገባ ምን ላድርግ? ክረምቱንስ ሸራ ለብሶ ቢያልፍ አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ዘበኛቸው መኪናውን በየጠዋቱ እንደሚወለውሉላቸውም መጨረሻ ላይ በምስጋና ጠቅሰዋል።

እኔ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና።

ወንድሜ፣ ዘበኛዎ በቅንነት ነው የሚሠሩት። ነገር ግን ሌሊት መኪናው ላይ ያረፈው አቧራ ለዓይን ለስላሳ ይምሰል እንጂ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለበት። አሸዋው ደግሞ ከቀለሙ ይጠነክራል። ደረቅ ጨርቅ ሲያገኘው ተይዞ ከኮፈን እስከ በር አብሮ ይጓዛል። አንድ ጠዋት ምንም አይታይም፤ ወራት ሲደጋገም እርስዎ ያዩትን ያመጣል። ላቫጆውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጎማ የታጠበበት ስፖንጅ ሳይለቀለቅ ኮፈን ላይ ይወጣል፣ መሬት የወደቀ ጨርቅ አንዴ ረገፍ ተደርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ካልቆመ በማሽን ማሳሸት፣ ማለትም ፖሊሽ ማሠራት፣ ገንዘብ መበተን ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያው ጭረት ይመለሳል፤ ቀለሙ ግን በዚያው መጠን ሳስቷል።

ጭረቶቹ ክብ ቢመስሉም አብዛኞቹ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው። ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ግን ለብርሃኑ አግድም የሆኑት ብቻ ስለሆኑ ፀሐይዋን ከበው የተሳሉ ይመስላሉ። መኪናውን ሲዞሩት ድሩ አብሮዎት የሚዞረውም ለዚህ ነው። የጎረቤትዎ ነጭ መኪናም ይህንኑ ያህል ተጭሮ ይሆናል፤ ነጭ ስለሆነ ብቻ ይደብቀዋል።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ፤ ምክሬ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ከላሜራው እስከ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል፤ 1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊር የምንለው የላይኛው ግልጽ ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ትክክለኛ ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል። የተነሳው አይመለስም። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም አትምርም፣ ከእሷ የሚከላከለውም ይኸው ክሊር ነው። ስለዚህ «አንድም ጭረት እንዳይቀር» ብለው አይዘዙ። ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አግድም ይጎትቱ፤ ጥፍሩ ከያዘ ያ ጭረት ይቆይ። ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ከሁለት ሜትር ርቀት አይታይዎትም። ሰባ በመቶው ጠፍቶ ክሊሩ ቢተርፍልዎ እኔ ጥሩ ሥራ እለዋለሁ።

«በሁለት ሰዓት» ያሉዎትን ሰዎች ማሽኑን አሳዩኝ ይበሏቸው። ብረት የሚቆረጥበት ትንሹ ግራይንደር ላይ የበግ ፀጉር የመሰለ ዲስክ ገጥመው የሚሠሩ አሉ። እሱ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ለፖሊሽ የተሠራው ማሽን ግን ከ600 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው። ግራይንደሩ ቀለሙን ያግለዋል፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ክሊር በሰከንዶች ይበላዋል፣ መሀል ላይ ደግሞ ፀሐይ ስታርፍበት የሚወዛወዝ ጥላ ትቶ ይሄዳል። እርስዎ የሚፈልጉት ስፖንጁ እየተሽከረከረ በዚያው ላይ ወደ ጎን የሚንቀጠቀጠውን ዓይነት ነው። ዘገምተኛ ነው፤ ሙቀቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪም ይቅር ይላል።

ሁለተኛው ብልሃት ይበልጥ የተለመደ ነው። ዘይትና ሲሊኮን የበዛበት ፖሊሽ ተቀብቶ ጭረቱ ይሞላና መኪናው እያብለጨለጨ ይረከቡታል። ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ድሩ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል ይግዙ፣ አንድ እጁን ከሁለት እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ኮፈኑን በዚያ ጠረግ አድርገው በስልክዎ መብራት ይዩት። የሠራ ሰው አይቆጣም።

ራስዎ ወይም የሚያምኑት ልጅ የምትሠሩት ከሆነ መጀመሪያ የቀለሙን ዓይነት ይወቁ። በሩን ከፍተው የማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ይሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ከላይ ክሊር የለም ማለት ነው፤ የሚያነሱት ራሱን ቀለሙን ስለሆነ በጣም በስሱ ይሂዱ። በመስኮት ላስቲክ ጠርዝ ላይ የቀለም ብናኝ ካዩ ወይም የአንዱ በር ገጽ ከሌላው ይልቅ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሻከረ ያ ክፍል ድጋሚ ተቀብቷል። ድጋሚ የተቀባ ላሜራ ስንት ክሊር እንደለበሰ የሚያውቀው የቀባው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ እጥበት። በደንብ ታጥቦ ሲያበቃ እጅዎን በስስ ፌስታል ውስጥ ከተው ኮፈኑን ይዳብሱ። ቢጎረብጥ ገና ነው፤ የዛፍ ሙጫና ከመንገድ የተፈናጠረ ሬንጅ ተጣብቋል። ክሌይ የሚባለውን ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር በሳሙና ውሃ እያረጠቡ በስሱ ያንሸራቱት። መሬት ከወደቀ ይጣሉት፣ ውድ ነው ብለው አይሰስቱ። ጥርጊያው ሲያልቅ ላስቲኮቹንና ሹል ጠርዞቹን በቀቢዎች ወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ቀለም በጣም የሚሳሳው ጠርዝ ላይ ነው።

ሥራው ጥላ ውስጥ፣ በማለዳ ይጀመር። የግንቦት ፀሐይ የነካው ጥቁር ላሜራ ላይ ፖሊሹ ደርቆ ይጋገራል። ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ ይከልሉና በጣም ለስላሳው ስፖንጅና በጣም ደቃቁ ፖሊሽ ይሞክሩት። አራት ጠብታ ይበቃል። ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት በስፖንጁ ይቀቡት፣ ከዚያ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ሳይጫኑ፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ እየገፉ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች ይሂዱ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርበው። አራት አምስት ዙር ሲሞላ ይጥረጉትና በአልኮሉ አጽድተው በባትሪ ያብሩበት። ከረካችሁ መኪናው በሙሉ በዚያው ይለቅ። ካልረካችሁ ብቻ ነው ኮምፓውንድ ወደሚባለው ሻካራ ፖሊሽ የሚወጣው፤ ብዙ ሰው ግን ከሻካራው ይጀምራል። ስፖንጁን ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ በብሩሽ ያራግፉት፣ ሲጠግብ ይቀይሩት። በአንድ ስፖንጅ መኪና ሙሉ አይወጣም። መብራት ከሄደ ደግሞ ፖሊሹን ጠርገው ይጠብቁ እንጂ በእጅ ልጨርሰው አይበሉ፤ እጅ ጭጋጉን ያነሳል፣ ጭረቱን ግን እኩል አያወርድም።

መከላከያው ላይ ብዙ አላወራም። ተፈጥሯዊ ሰም ጥቁር ቀለም ላይ ጥልቀቱ ያስደስታል፤ የሐምሌን ዝናብ ግን ከጥቂት ሳምንት በላይ አይችልም። ሴራሚክ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ዓመታት ይቆያል፣ ቀለሙ ፍጹም ካልተዘጋጀ ግን ጭረቱን ከሥሩ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ ዋጋውም ለዚህ መኪና አይመስለኝም። ለእርስዎ ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ መከላከያ ይበቃዎታል፤ በደህና ከተቀባ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይሄዳል፣ ማለትም አንድ ክረምት ያሻግራል። በአልኮል በጸዳ ቀለም ላይ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡት። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀን ውሃ አይንካው። በሰኔ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማይታመን ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቦታ አስቀድመው ያግኙ።

የውጭ አገር ቪዲዮዎች ለክረምት ሲያዘጋጁ የሚያወሩት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው ነው። የእኛ ጠላት ጭቃ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ የፎገራ ዋልካ። ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ማታ ሲደርሱ ገና ሳይደርቅ በውሃ ግፊት ያውርዱት። ደርቆ ካደረ አይፋቁት፤ ደጋግመው ያርጥቡት፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁት፣ ከዚያ ይልቀቀው። የጎማውን ጓዳ ከውስጥ በኩል ይጠቡ። ከበሮቹ ሥር ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ውሃው በሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ላሜራውም ከውስጥ ዝጎ ሲያብጥ ነው የሚያዩት። ቀጭን እንጨት ይበቃል፤ ብረት አይጠቀሙ።

እጥበቱ ሁለት ባልዲ ይኑረው፤ አንዱ ሳሙና፣ ሌላው እጅ ጓንቱ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። መጀመሪያ ሳይነኩ በውሃ ብቻ አሸዋውን ያውርዱ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር። ጎማው የራሱ ጨርቅ ይኑረው። ኦሞና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሲላንቱን ቶሎ ስለሚያነሱት የመኪና ሻምፑ ይሻላል። አንዳንድ ቦታ እንዲያብለጨልጭ ብለው ናፍጣ የነካ ጨርቅ ሲያሳልፉበት ካዩ ያስቁሟቸው፤ ጎማና ላስቲክ ያበላሻል፣ አቧራም ይጠራል።

ጣና ዳር ወስዶ ማጠብ የለመዱ ካሉ ይተዉት። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ በክረምት አፈር ተሸክመው ነው ሐይቁ የሚገቡት፤ ያ ድፍርስ ውሃ ቀለም ላይ ሲታሽ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ነው የሚሠራው። ሳሙናውና ዘይቱስ? ሐይቁ ከአሥር ዓመት በላይ ከእምቦጭ አረም ጋር ሲታገል እያየን ለአረሙ ምግብ ልንጨምርለት አይገባም።

ሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር አቁመው ቡና ሲጠጡ ዓሣ የሚበሉት ወፎች የሚጥሉትን ያዩት ይሆናል። ያ ኩስ ጥቁር መኪና ላይ ፀሐይ ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ክሊሩን ይበላል፣ ሲላንት ቢኖርም ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። ውሃ የጠገበ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ያሳርፉበትና ሳይሹ ያንሱት። ትንሽ ጠርሙስ ውሃና አንድ ማይክሮፋይበር ጨርቅ መኪናው ውስጥ አይጥፋ።

ሸራውን አልመክርም። የሐይቁ ንፋስ ሸራውን ሲያወዛውዘው ሥር ያለውን አቧራ ያሽበታል፣ ዝናብ የጠጣ ሸራ ደግሞ እርጥበቱን ቀለሙ ላይ ይዞ ያድራል። ጣሪያ ሥር የሚቆምና የታጠበ ደረቅ መኪና ከሆነ ልብሱ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ራቁቱን ይደር።

ሙሉ ቀለም ይቀባ ላሉት መልሱ አይሆንም ነው። ክሊሩ እንደ ቅርፊት የሚላጥበት ወይም ነጭ ሆኖ የሞተበት ቦታ ካለ ያንን ክፍል ብቻ ያስቀቡ፤ የፋብሪካ ቀለም በጋራዥ ቀለም መለወጥ ያገለገለ መኪና ዋጋ ይቀንሳል። ይልቅ የኮፈኑን አፍንጫና ከጎማ ጀርባ ያሉትን ጠርዞች በባትሪ ይፈትሹ። ጠጠር መትቶት ብረት የታየበት ነጥብ ካለ ክረምቱ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ያንሱ፣ ፀረ ዝገት በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ጠብ ያድርጉበት፣ ሲደርቅ ጥቁሩን ቀለም ይደርቡ። ይህ ከሲላንቱ በፊት መሠራት አለበት፤ ሲላንት የነካው ቦታ ላይ ቀለም አይይዝም።