ደንበኛው ተኝቶ በሩ ለምን ይዘጋል?

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሰው ነኝ፤ ደሴ ነው የምኖረው። የመንግሥት ሥራዬን ትቼ፣ ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኞች የግራፊክስ ዲዛይን እሠራለሁ። ዋናው ደንበኛዬ ያለው ኒውዮርክ ነው። ገቢዬ ከድሮው ደሞዜ ይሻላል። ቤቱ ግን አያሠራም። አብራን የምትኖረው እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ቡና፣ ጎረቤት፣ ዱዓ፣ ጨዋታ ነው። ‹አንተ ቤት ነህ አይደል› እየተባልኩ ሲሊንደር አምጣ፣ እንግዳ ሸኝ እባላለሁ። በሬን ዘግቼ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እናቴ አኩርፋለች፤ ባለቤቴ ዝም ብላለች። የአራት ዓመት ልጄ እንኳ ለምዳው ሰው ሲመጣ ‹አባዬ የለም› ስትል እስቃለሁ። ቤተሰቤ ሥራዬን እንዲያከብር ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ቅሬታህ እውነት አለው። ሲሊንደር ማምጣቱ ቶሎ ቢያልቅም፣ የተቋረጠው ሐሳብ ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ይቆያል። ይህ በዓይን ስለማይታይ ቤተሰብህ ባያውቀው አይፈረድበትም።

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ኒውዮርክ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ነው። እዚያ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ደሴ ላይ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል። እናትህ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አቦሉን ሲቀዱ ደንበኛህ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ታዲያ ያኔ በሩ የሚዘጋው ለማን ነው? ማታ የታዘዝከውን ጠዋት የምትጨርስበት ቀን እንደሚኖር አላጣሁትም። ግን በሳምንት አንዲት ስኒ እንኳ?

የጠረጠርኩትን ልንገርህ። ደሞዝተኛ በነበርክ ጊዜ መሥራትህን የሚመሰክርልህ ሌላ ነበር። ጠዋት ለባብሰህ ስትወጣ ጎረቤት ያያል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም አለ፤ እናትህም «ልጄ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚሠራ» ይሉ ነበር። አሁን ገቢህ ጨመረ፣ ምስክርህ ግን ጠፋ። በሥራ ሰዓት ረከቦት አጠገብ የተቀመጠ ጎልማሳ ወንድ፣ ለሰው ባይመስል እንኳ ለአንተ ሥራ ፈት ይመስልሃል። ስለዚህ የተዘጋው በር ምስክር ሆነልህ፤ ቁጣህም እንዲሁ። ቤተሰቤ ሥራዬን አያከብርም ስትል፣ ሥራነቱን ገና ያላመነው ራስህ ትሆን እንዴ?

የዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ክፋቱ መውጫ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ቢሮ ይዘጋል፤ አንተ ግን በሩን በከፈትክ ቁጥር ሥራ የፈታህ ይመስልሃል። 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ደንበኛው ይነሣና ትክክለኛው ሥራ ይጀመራል። በዚህ አካሄድ ቤተሰብህ ቀንህንም ማታህንም አጥቷል። እናትህ ዱዓ ሲያደርጉ ልጃቸው ከግድግዳው ማዶ ሆኖ «አሚን» ሳይል ሲቀር፣ በጎረቤት ፊት ምን እንደሚሰማቸው የወሎ ልጅ ለሆንከው አንተ እኔ አላስረዳህም። ስለ ባለቤትህ የጻፍከው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ዝም ብላለች»። ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ተናግሮ የሰለቸው ነው። የልጅህ ነገርም እኔን አላሳቀኝም። «የለም በይ» ብሎ ያስተማራት ሰው ቢኖር እንኳ፣ ሳትቸገር የያዘችው ከምታየው ጋር ስለገጠመላት ይመስለኛል።

ለጊዜው የምትሞክረው ጥቂት ነው። እናትህንና ባለቤትህን አስቀምጠህ የደንበኛህን ሰዓት አስረዳቸው፤ የምትሠራውንም በላፕቶፕህ አሳያቸው። ገቢህን ለባለቤትህ ነግረሃት ካልሆነ ንገራት። ስልክህን ክፍል ትተህ የረፋዱ ቡና ላይ ተቀመጥ። በምትኩ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከምትስማሙበት ሰዓት ድረስ በሩ ይከበርልህ፤ ሲሊንደሩም ከዚያ በፊት ይምጣ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት እስከ ፒያሳ በእግርህ ደርሰህ ብትመለስ ይረዳህ ይሆናል፤ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት መንገድ ስለሌለው ቀኑ ሁሉ ይደባለቅበታል። ለሌሊቱም ገደብ አብጅለት፤ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ለ7 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። መብራትና ኔት በጠፋ ቀን ዕቅዱ ይፈርሳል፤ በማግስቱ ቀጥል እንጂ አትተወው።

የእናትህ ኩርፊያ በቡናው ይለዝብ ይሆናል። የባለቤትህ ዝምታ ግን በዚህ ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም። ከተቻለ ሁለታችሁም አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት ብታነጋግሩ እመርጣለሁ፤ እኔ የሰማሁት የአንተን ወገን ብቻ ነውና። እንደገና ከጻፍክልኝ እሷ የምትለውንም ጠይቀህ ጨምርበት።