ዲኤክስህን የሚያንቀጠቅጠው አላይመንት አይደለም

ጥያቄው ከዚሁ ከጅማ ነው የመጣው። የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ያለው ወጣት መኪናውን ስፖርት ሊያደርጋት ብሎ ባለ 13 ኢንች ቸርኬዋን አወጣ። ከአዲስ ሞዴል መኪና የወረደ ባለ 15 ቸርኬ ከ195/65 ጎማ ጋር አስገጠመ። ሞላውንም አስቆርጦ ዝቅ አደረጋት። አሁን 70 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ሲይዝ መሪው ከእጁ ሊነጠቅ ይደርሳል። ወደ ጅሬን ሲወጣ ኩርባው ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ሁለቴ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርቷል፤ ለውጥ የለም። በቅርቡ ደግሞ አዲስ አበባ ሊነዳት አስቧል።

ወንድሜ፣ አላይመንቱን ለጊዜው ተወው። የጻፍከውን ሳነብ ሐሳቤ በቀጥታ የሄደው ከቸርኬው ጀርባ ወዳለው ብረት ነው። በዲኤክስ ላይ የጎማ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 114.3 ሚሊሜትር ነው። የአሁኖቹ ትንንሽ መኪኖች ባለ አራት ቡሎን ቸርኬ አብዛኛው 100 ነው። በቀጥታ አይገጥምም። ስለዚህ የሠራልህ ሰው ወይ ቀዳዳ አስፍቷል፣ ወይ ቶርኖ ቤት ስፔሰር የሚባለውን ወፍራም ክብ ብረት አስቆርጦ በቸርኬውና በመኪናው መሀል አስገብቷል። «ጎማው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ያምራል» ማለትህ ስፔሰር መሆኑን ይነግረኛል።

ይህ ስፔሰር ሳይወጣ ከከተማ እንዳትወጣ። ስፔሰሩን ከመኪናው ጋር የያዙት ዳዶዎች ከቸርኬው ጀርባ ተደብቀዋል። ቢላሉ አታያቸውም፣ በጎማ ቁልፍም አትደርስባቸውም።

መንቀጥቀጡም ከዚያው ነው። ስፔሰሩ የሞዞውን (ቸርኬው የሚታሰርበትን የሚዞር ብረት) መሀል በትክክል ካልያዘ ጎማው ትንሽ ከመሀል ወጥቶ ይዞራል። ጎሚስታው ግን ባላንስ ማሽኑ ላይ «ደህና ነው» ይልሃል። ማሽኑ ላይ ስፔሰሩ የለማ!

የመሪውን መነጠቅ ላስረዳህ፤ ይህን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ያንገበግበኛል። ከሾክ አብዞርበሩ የላይኛው መቀመጫ ተነስተህ በታችኛው ቴስቲኒ (ጎማውን ከታች የሚይዘው ዟሪ መገጣጠሚያ) በኩል እስከ መሬት መስመር አስምር፣ በሐሳብህ። መሪ ስታዞር ጎማው የሚዞረው በዚህ መስመር ላይ ነው። መስመሩ መሬት የሚነካበት ነጥብ አለ። ጎማው መሬት የሚረግጥበት መሀል ደግሞ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጉልበት ነው። በር ከማጠፊያው አጠገብ ስትገፋው ይከብዳል፣ ጫፉ ላይ በአንድ ጣት ይሄዳል አይደል? አንተም ጎማውን ወደ ውጭ በገፋኸው ቁጥር መንገዱ መሪህን በቀላሉ የሚገፋበት ጫፍ ሰጠኸው። ግራና ቀኝ እኩል ሲሳብ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወይም አንዱ ፍሬን ትንሽ ቀድሞ ሲይዝ ግን መሪው ወደዚያ ይሮጣል። ድሮም የነበረ፣ የማይሰማህ የፍሬን ልዩነት አሁን እጅህን የሚጠመዝዘው ለዚህ ነው። ኩሽኔታውም ያላሰበውን ጭነት ይሸከማል። አላይመንት ማሽን ይህን ርቀት አይለካውም፣ አያስተካክለውምም።

የመፋቁ ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። የፋብሪካው ባለ 13 ጎማ ቁመቱ 578 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 195/65 በ15 ግን 634 ይደርሳል። ጎማው ከላይ 28 ሚሊሜትር ወደ ፓራፋንጎው ቀረበ፤ አንተ ደግሞ ሞላ ቆርጠህ ቦዲውን ወደ እሱ አወረድከው። ፍጥነት መቁጠሪያውም 60 ሲልህ 66 ላይ ነህ።

ሞላ በግራይንደር መቁረጥን በጭራሽ አልወደውም። መኪናውን አንሳና (በክሪክ ብቻ አትተማመን፣ ብረት ማቆሚያ አስገባ) ሞላውን በእጅህ አዙረው። ከተንቀሳቀሰ መቀመጫውን አልያዘም ማለት ነው። ከኋላ ደግሞ አክሰሉን በአግድም ከቦዲው ጋር የሚያስረው ዘንግ መኪናው ዝቅ ሲል አክሰሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ከኋላ አንዱ ጎማ ብቻ ቢፍቅ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እኔ ብሆን ባለ 15ቱን ትቼ 114.3 የሆነ ባለ 14 ቸርኬ ከ185/60 ጎማ ጋር እፈልጋለሁ። ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው። በ15 ካልሆነ አይሆንም ካልክ 195/50 አለ፤ ግን የጎማው ጎን ከ10 ሳንቲሜትር በታች ነው፣ የእኛ ጉድጓድ ቸርኬውን ያጎብጠዋል። ከመግዛትህ በፊት የድሮውን ቸርኬ በፊቱ አስተኛው። ጀርባው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድምና ሞዞ ላይ እስከሚቀመጥበት ፊት ድረስ ለካ። ከዚያ ላይ የቸርኬውን ግማሽ ስፋት ቀንስ። በአዲሱም እንዲሁ አድርግ። የሁለቱ ልዩነት ጎማው ከድሮው ምን ያህል እንደሚወጣ ወይም እንደሚገባ ይነግርሃል፤ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አትግዛ።

ከዚያ ያልተቆረጠ ሞላ አስገባ። ከተፈታ ዲኤክስ የወጣ የፋብሪካ ሞላ፣ ስም ከሌለው አዲስ ርካሽ ሞላ ይሻላል። የብራቾ (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒና ቴስቲኒም አብረህ እይ፤ ርካሹ ጎሚኒ ክረምት ሳያልፍ ይሰነጠቃል። ሞላው ወጥቶ ሳለ ሾክ አብዞርበሩን ብቻ መልሰህ ብራቾውን በክሪክ እስከ መጨረሻው አንሳና መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙር። በጎማውና በብረቱ መሀል ጣትህ በነፃነት ማለፍ አለበት።

ዳዶው በእጅ ሲገባ ቢያንስ 8 ዙር ይዙር፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቡሎኑ አጭር ነው። ማጥበቂያው 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ አንዱን ከዚያም ተቃራኒውን እያልክ። ጅማ አቅራቢያ ካለችው ሰርቦ ደርሰህ ተመለስና ሲቀዘቅዝ ደግመህ አጥብቅ። አላይመንቱ የሚሠራው ያኔ ነው። እስከዚያ ግን በዚያ ስፔሰር በአዲስ አበባ መንገድ ያለውን የጊቤን ቁልቁለት እንዳትሞክረው፣ አደራ።