ስቴንለስ ድስት መሃሉን ለምን ያሳርራል?

«ስቴንለሱ ድስቴ ሽሮውን መሃሉ ላይ ያሳርርብኛል፤ አሉሚኒየሙ ግን ደህና ነው። ሁለቱም ብረት አይደሉም ወይ?» ላልሽው እህቴ፣ በእጄ ያየሁትን ልንገርሽ።

ኮምቦልቻ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ የመዳብ ቱቦ ሲበይድ፣ ከነበልባሉ አንድ ስንዝር ርቄ ያዝኩለት። ወዲያው መዳፌን ለበለበኝ። የብረት ቱቦ ግን በዚያው ርቀት ብዙ ያስቆያል። ዛሬም መዳብ ስበይድ መጀመሪያ ቫልቩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። አለዚያ ሙቀቱ ሮጦ ውስጡ ያለውን ጎማ ያበላሸዋል።

የባቲን ሰኞ ገበያ አስቢው። ወሬ ከዳር እስከ ዳር የሚደርሰው ወይ አንዱ ለጎኑ እየነገረ ነው፣ ወይ ልጅ ተልኮ እየሮጠ። ሸክላ ውስጥ ሙቀት እንደ መጀመሪያው ነው የሚሄደው፤ አተም አጠገቡ ያለውን አተም እያንቀጠቀጠ። ብረታ ብረት ውስጥ ግን ከአተማቸው የተላቀቁ ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። ሯጩ ልጅ እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፉት እነሱው ስለሆኑ፣ ለመብራት ሽቦ የተመረጠው መዳብ ለሙቀትም ጎበዝ ነው። ይህን ዝምድና ቪደማንና ፍራንዝ የተባሉ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1853 አሳይተዋል።

ንጹህ መዳብ ውስጥ አተሞቹ በወግ ስለተደረደሩ መንገዱ ክፍት ነው። ስቴንለስ ግን ብረት ከክሮሚየም፣ ብዙ ጊዜም ከኒኬል ጋር የተደባለቀበት ነው። ባዕድ አተም እዚህም እዚያም ስለሚሰነቀር ሯጩ በየእርምጃው ይላተማል። በቁጥር፣ የመዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም (በዋት በሜትር በኬልቪን ሲለካ) 400 ገደማ ነው፤ አሉሚኒየም 237፣ ንጹህ ብረት 80፣ ስቴንለስ 15 አካባቢ። ልዩነቱን አየሽው? ያንቺ ስቴንለስ የምድጃውን እሳት ወደ ዳር ማዳረስ ስለማይችል መሃሉ ብቻ ይግላል።

ደሴ በጠዋት የብረት በር ስትነኪ ከእንጨቱ ይልቅ የሚቀዘቅዝሽም ለዚሁ ነው። ሁለቱም ያደሩት በአንድ ብርድ ነው፤ ብረቱ ግን የእጅሽን ሙቀት ቶሎ ይወስድብሻል።

ስቴንለሱን አትጣይው። እሳቱን ቀንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አማስይ። ሌላ ስትገዢ ደግሞ ገልብጠሽ እይው፤ መቀመጫው ወፍራም ሆኖ በውስጡ አሉሚኒየም ወይም መዳብ የታሸገበትን ምረጪ። ሙቀቱን ወደ ዳር የሚያዳርስልሽ እሱ ነው።