የነፃ ገበያ አስተሳሰብ ታሪክ፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጅማ ያሉ አንባቢዎች ስለ ክላሲካል ሊበራሊዝም (የግለሰብን ነፃነት አስቀድሞ የመንግሥትን ሥልጣን የሚገድብ አስተሳሰብ) እና ስለ ነፃ ገበያ ኢኮኖሚክስ የላኳቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ጋሼ፣ የአዳም ስሚዝን መጽሐፍ ጀምሬ መሃል ላይ ተውኩት። እንዴት ላንብበው?

መልስ፦ ከዳር እስከ ዳር አታንብበው። የስኮትላንዱ ኢኮኖሚስት ስሚዝ በ1776 ያወጣው «የሀገሮች ሀብት» በውስጡ አምስት መጻሕፍት አሉት። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ምዕራፍ 1 እስከ 3 ያለውን አንብብና ወደ ምዕራፍ 7 እለፍ፤ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ እዚያ ነው ያለው። ቀጥሎ ምዕራፍ 10፣ ከዚያ አራተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 2፣ በመጨረሻ አምስተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 1። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የመጀመሪያው መጽሐፍ ምዕራፍ 11 ላይ ነው። ስለ መሬት ኪራይ እያወራ በመሃል ስለ ብር ማዕድን ዋጋ ረጅም ሐተታ ይገባበታል። ለጊዜው ዝለለው።

ምዕራፍ 1 ላይ ያለውን የስፒል ፋብሪካ ምሳሌ ግን ቀስ ብለህ አንብብ። ሥራው 18 ያህል እርከን አለው፤ አንዱ ሽቦ ይስባል፣ አንዱ ያቃናል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ጫፉን ያሾላል። እንዲህ ተከፋፍለው 10 ሰዎች በቀን 48,000 ስፒል ያወጣሉ፣ ለአንድ ሰው 4,800 መሆኑ ነው። ሙያውን ያልተማረ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራ ግን 20 እንኳ አይሞላም። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ለዚህ ገደብ ያበጅለታል፦ የሥራ ክፍፍል ከገበያው ስፋት አያልፍም። መንገድ በሌለበት ገጠር አናጺው በርም፣ አልጋም፣ ሞፈርም የሚሠራው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ እኔ ነጋዴ ነኝ። ስሚዝ ለእኛ የቆመ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የቆመው ለውድድር ነው እንጂ ለነጋዴ አይደለም። ምዕራፍ 10 ላይ የአንድ ሙያ ሰዎች ለጨዋታ እንኳ ሲገናኙ ወሬያቸው ሕዝብን በሚጎዳ ስምምነት ወይም ዋጋ በማስወደድ ዘዴ እንደሚያልቅ ይናገራል። ሆኖም ስብሰባው በሕግ ይከልከል አላለም፤ ነፃነትን ሳይነኩ ማስቆም አይቻልም ባይ ነው። ሕጉ ራሱ እንዲህ ያለውን ስብሰባ እንዳያመቻች ግን አጥብቆ ያሳስባል። ፈቃድን ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ደንብ ሲወጣ ዋጋ ለመመካከር የሚጠራሩት ሰዎች ያንሳሉ፣ ስምምነቱም ይቀላል።

ለመንግሥትም ሦስት ሥራ ትቶለታል፦ መከላከያ፣ ፍትሕ፣ እንዲሁም ለግለሰብ የማያዋጡ እንደ መንገድና ድልድይ ያሉ የሕዝብ ሥራዎች። የወለድ ጣሪያን እንኳ ደግፏል፤ በዘመኑ 5 በመቶ ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቤንታም በ1787 «በራስህ መርህ አልጸናህም» በሚል መንፈስ ሞገተው። በዚህ ጉዳይ ቤንታም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በሁሉም ሥራ የበለጠ ሀገር ከደካማው ጋር ቢነግድ ምን ያገኛል? እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ሪካርዶ ያለው አልገባኝም።

መልስ፦ በቁጥሩ እንሂድ። በ1817 መጽሐፉ የተወሰነ መጠን ያለው ጨርቅ ለመሥራት እንግሊዝ የ100 ሰው፣ ፖርቱጋል የ90 ሰው የዓመት ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። ለወይን ጠጅ እንግሊዝ 120፣ ፖርቱጋል 80። ፖርቱጋል በሁለቱም ትቀድማለች። አንዱን ጨርቅ ባንዱ ወይን ቢለዋወጡ እንግሊዝ በ120 ታገኘው የነበረውን ወይን በ100 ታገኛለች፤ ፖርቱጋልም 90 ይፈጅባት የነበረውን ጨርቅ በ80። አንዷ 20፣ ሌላዋ 10 ተረፋቸው።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት 90ን ከ100 ጋር ሲያወዳድሩ ነው። መወዳደር ያለበት በአንድ ሀገር ውስጥ አንዱ ምርት ለሌላው ሲባል የሚያስቀረው ነው። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወይን 1.2 ጨርቅ ያስቀራል፣ ፖርቱጋል ውስጥ 0.89 ያህል። የልውውጡ ዋጋ በእነዚህ መካከል እስከዋለ ድረስ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ከዚያ ከወጣ አንዷ ንግዱን ትተወዋለች። አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ ሪካርዶ ካፒታል ከሀገር ሀገር እንደልቡ አይሻገርም ብሎ ነው የተነሣው። ዛሬ ይሻገራል፤ ስለዚህ ክርክሩን እንዳለ ማምጣት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የእህል ሕጎች የሚባሉት ምንድን ናቸው?

መልስ፦ በ1815 እንግሊዝ ያወጣችው ሕግ የሀገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር (የእህል መስፈሪያ ነው) 80 ሺሊንግ እስኪደርስ የውጭ ስንዴ እንዳይሸጥ አገደ። ባለመሬት ተጠቀመ፣ ዳቦ ገዥ ከፈለ። የነፃ ንግድ ተሟጋቾቹ ኮብደንና ብራይት ከማንቸስተር ተነሥተው ዘመቱበት፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒል በ1846 ሻረው። የእሱ ወግ አጥባቂ ፓርቲም በዚሁ ተሰነጠቀ።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ስለ ነፃነት የጻፉት ሰዎች ባርነትን እንዴት ዝም አሉ?

መልስ፦ ሁሉም ዝም አላሉም፤ ንጹሕ ያልነበሩም አሉ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ሰው የገዛ ራሱ ባለቤት ነው ብሎ ጽፎ፣ ባሪያ በሚነግደው የሮያል አፍሪካ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። ይህን አድበስብሶ ማለፍ ልክ አይደለም። ስሚዝ በሦስተኛው መጽሐፍ የባሪያ ጉልበት ርካሽ ቢመስልም በመጨረሻ ከሁሉ ውዱ ነው ብሏል፤ ንብረት ማፍራት የማይችል ሰው ብዙ ከመብላትና ጥቂት ከመሥራት ሌላ ፍላጎት አይኖረውም። እኛም ብንሆን ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የሚሸጥበት ገበያ እንደነበር መርሳት የለብንም። ሻጭና ገዥ ስለተስማሙ ብቻ ገበያ ነፃ አይባልም፤ የተሸጠው ሰው አልተስማማም።

ጥያቄ፦ መንግሥት ትክክለኛውን ዋጋ አስልቶ ቢተምን ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለማስላት የሚያስፈልገው ዕውቀት አንድ ቢሮ ውስጥ አይሰበሰብም። ከኦስትሪያ የመጡት ኢኮኖሚስቶች ሚዘስና ሃየክ ይህን አሳይተዋል፤ ሚዘስ ክርክሩን በ1920 ከፈተው፣ ሃየክ በ1945 አብራራው፦ ዋጋ በሺህ ሰው እጅ የተበተነውን ወሬ በአንድ ቁጥር ያደርሳል። በጁላይ 1975 ብራዚል ፓራና ላይ ውርጭ የቡናውን ዛፍ ፈጀው። ዋጋው ሲወጣ አውሮፓ ያለው ጠጪ ይቆጥባል፣ ሌላ ሀገር ያለው ገበሬ ጀንፈሉን ሳያበላሽ ይሰበስባል፤ ሁለቱም ፓራና የት እንዳለች ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ዋጋ ከተተመነ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

በእኛም ሀገር በደርግ ዘመን በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በኮታና በተተመነ ዋጋ ይገዛ ነበር። ምርት ያነሰው ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። እንዲህ ያለ ገበሬ በቀጣዩ ዓመት ለምን ብሎ አብዝቶ ይዘራል? ኮታው የቀረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ጥያቄ፦ ከእኛ ማን አለ?

መልስ፦ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ። በ1919 ካረፉ በኋላ በ1924 የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን አንብብ። ሊበራል ብሎ መፈረጅ ይከብዳል። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲነግድ የአንዱ ጥቂት ድካም በሌላው ብዙ ድካም ይለወጣል ይላሉ። ይህ ሪካርዶን አያፈርሰውም። ሪካርዶ ሁለቱም ካለመነገድ ይሻላቸዋል ነው ያለው፤ ነጋድራስ የጠየቁት ደግሞ ማን የበለጠ ወሰደ፣ ዕውቀትስ የት አደገ የሚለውን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብባቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የቡና ገበያ በእውነት ነፃ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ገዥ ቁጠር፦ ገበሬው የአንዱን ዋጋ ጠልቶ ሌላ ጋ መሄድ ይችላል? አዲስ አቅራቢ ለመግባት የማን ፈቃድ ይጠይቃል? ገበሬው ብድር አስቀድሞ ወስዶ እሸቱን ለአበዳሪው ብቻ ለመሸጥ ከታሰረ፣ ገዥዎቹ አሥር ቢሆኑም ለእሱ አንድ ናቸው። ከዚያ ሚዛኑን እይ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ሚዛኑ በየፈረሱላው ግማሽ ኪሎ ቢደብቅ ገበሬው ከመቶ ወደ 3 የሚጠጋ ያጣል፣ የተለጠፈው ዋጋ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ስሚዝም በብር ዕቃና በጨርቅ ላይ የሚመታውን የጥራት ማህተም ደግፏል፤ ገዥ የሚያየው ማህተሙን ነውና። የተመረመረ ሚዛንም ሥራው ያው ነው፤ ዋጋውን ለሁለቱ ይተወዋል፣ ኪሎው ላይ ግን ማንም እንዳይዋሽ ያደርጋል።