የመህዲ ተስፋና የፋጢሚዶች መንግሥት፦ የጥናት ርእስ ለሚመርጡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ይዘው፣ በመካከለኛው ዘመን የእስልምና ዓለም የፍጻሜ ዘመን እምነት መንግሥታትን እንዴት እንደመሠረተ ለማስተርስ ሊያጠኑ እንዳሰቡ፣ ቤተሰብዎ ግን «ይህ እንጀራ አይሆንም» እንዳሉዎት ጽፈዋል። ርእሱን አይተዉት፤ ስፋቱን ግን ይቀንሱት።

ከባግዳድ ገዥዎች ከአባሲዶች እስከ ሰሜን አፍሪካ ገዥዎች እስከ ሙወሂዶች ያለውን ሁሉ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አይችለውም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በሰሜን አፍሪካ የተነሣው የሺዓ ሥርወ መንግሥት፣ የፋጢሚዶች፣ ጅማሮ ነው። የንቅናቄው ሰባኪ አቡ ዐብደላህ በ893 እ.ኤ.አ. ከሐጅ ከሚመለሱ የኩታማ በርበሮች ጋር ዛሬ አልጄሪያ ወደምንላት አገር ገብቶ፣ በዘመን ፍጻሜ መጥቶ ፍትሕን ያሰፍናል ተብሎ የሚጠበቀው መህዲ መምጫው እንደደረሰ እያስተማረ ከጎሳዎቹ ጦር አደራጀ፤ በ909 ዛሬ ቱኒዚያ የምንላትን አገር ይገዛ የነበረውን የአግላቢዶችን መንግሥት ጣለ፤ ዛሬ ሞሮኮ በምንላት አገር በነበረችው በሲጂልማሳ ከተማ ተይዞ የነበረውን የንቅናቄውን መሪም አስፈታ። መሪው በ910 አል-መህዲ ተብሎ ከነገሠ በኋላ ግን እንደማንኛውም ገዥ ግብር መሰብሰብና ሠራዊት መቀለብ ነበረበት። በ911 አቡ ዐብደላህን ራሱን አስገደለው፤ ከኩታማዎችም አንዳንዶቹ ሌላ መህዲ አስነሥተው አመፁ። የጥናትዎ ጥያቄ ከዚህ ቢነሣ እወዳለሁ፦ ተስፋው ዙፋን ላይ ወጥቶ ዓለም እንደነበረች ስትቀጥል፣ መንግሥቱ ለአማኞቹ ምን መለሰ? አንዱ መልስ ወራሹ ነበር፤ ስሙ ሙሐመድ፣ የአባቱም ስም ዐብደላህ ስለነበር፣ መህዲው የነቢዩንና የነቢዩን አባት ስም ይይዛል ከሚለው ትውፊት ጋር ይገጥም ነበር።

«መሪዎቹ ሕዝቡን አታለሉ» የሚለውን የደብዳቤዎን አሳብ ግን ወደ ጎን እንዲተዉት አጥብቄ እጠይቃለሁ። የኩታማ ተዋጊ በእምነቱ ሞቷል፤ ያመነበትን ሳይረዱ የሠራውን መንግሥት ማስረዳት አይቻልም።

የሥራው ነገር በአብዛኛው በቋንቋ ይወሰናል። የጥንቱን ጽሑፍ የሚያነብ ዐረብኛ ከሌለዎት የሌሎችን ትርጉም ከመድገም አያልፉም፤ ስለ ማግሬብ (ምዕራባዊው ሰሜን አፍሪካ) ብዙ ጥናት የተጻፈበት ፈረንሳይኛም ያስፈልግዎታል። ይህ ችሎታ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ባሻገር፣ በሐረርና በወሎ የሚገኙትን በእጅ የተጻፉ የዐረብኛ መጻሕፍት ለማንበብና ለመመዝገብ ብቁ ያደርግዎታል፤ ቤተሰብዎንም በዚህ በኩል ቢያነጋግሯቸው ይሻላል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ዐረብኛውን ይጀምሩ፤ ከላይ ያለውንም ጥያቄ በሁለት ገጽ ጽፈው፣ ዐረብኛ ምንጮችን ለሚያነብ የታሪክ መምህር ያሳዩ።