የዋትስአፑን ፋይል የፈረመው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሪያድ የምትኖር እህቴ የተሰረዙ መልእክቶችን የሚያሳይ «ጂቢ ዋትስአፕ» የተባለ የኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ) ፋይል በቴሌግራም ላከችልኝ። ልጭነው ስሞክር ስልኬ ላይ ካለው ዋትስአፕ ጋር ይጋጫል ብሎ አልጫን አለኝ። እህቴ ደግሞ «በጸረ ቫይረስ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም፤ የድሮውን አጥፊና ጫኚው» ትለኛለች። ልጫነው?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ አይጫኑት። ጂቢ ዋትስአፕ ከዋናው ድርጅት ውጭ ያሉ ሰዎች ለውጠው የሠሩት የዋትስአፕ ቅጂ ነው። ስልክዎ ያሳየዎት ማስጠንቀቂያ ከጸረ ቫይረሱ ውጤት የበለጠ ሊታመን ይገባዋል። ማንኛውም የአንድሮይድ መተግበሪያ በሚስጥር በሚጠበቅ የሠሪው ቁልፍ ዲጂታል ፊርማ ይደረግበታል፤ ከውስጡ ጥቂት ነገር እንኳ ቢለወጥ ፊርማው ስለሚፈርስ፣ የለወጠው ሰው በራሱ ቁልፍ እንደገና መፈረም ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ያለው ግጭት የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ፊርማዎች ስለማይገጥሙ ነው። ነባሩን ማጥፋት ታዲያ ይህን መከላከያ በገዛ እጅ ማንሳት ነው።

ጸረ ቫይረስ በአመዛኙ የሚይዘው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ ሲመረመር ንጹሕ የመሰለ ፋይልም ከተጫነ በኋላ ጎጂውን ክፍል ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይችላል። የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ባለሙያዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ኤፍኤምዋትስአፕ በተባለው ቅጂ ውስጥ ያገኙት ትሪያዳ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የሚሠራው እንዲሁ ነበር፤ መተግበሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት የማንበብ ፈቃድም ነበረው። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር በዚያው መንገድ ለሚደርሰን ለእኛ ይህ ፈቃድ ቀላል ነገር አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋናነት በዐረብኛና በአዘርባጃንኛ የቴሌግራም ቻናሎች በተሰራጩ የዋትስአፕ ቅጂዎች ውስጥ፣ ስልኩ ሲበራ ወይም ቻርጅ ሲሰካ ሥራውን የሚጀምር የስለላ ፕሮግራም ተገኝቷል።

ከዋናው ድርጅት ውጭ የተሠራ ሁሉ አደገኛ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ቴሌግራም ለምሳሌ የመተግበሪያውን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ሌሎች የራሳቸውን እንዲሠሩ ስለሚፈቅድ፣ ሠሪው የታወቀና ኮዱ ለምርመራ የቀረበ ከሆነ መመዘን ይቻላል። ዋትስአፕ ግን ይህን አይፈቅድም፤ እንዲህ ያሉ ቅጂዎችን የሚጠቀሙ ሰዎችን አካውንትም ያግዳል። የጂቢ ዋትስአፕን ፈራሚ ደግሞ እርስዎም ሆኑ እህትዎ አታውቁትም።

እህትዎ በቅጂው እየተጠቀሙ ከሆነ፣ የሚፈልጓቸውን ፎቶግራፎችና መልእክቶች አስቀምጠው ቅጂውን ያጥፉት፤ ዋናውን ከፕሌይ ስቶር ይጫኑ፤ ከአካውንታቸው ጋር የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍተውም የማያውቁትን ያስወጡ። የባንክ መተግበሪያ በዚያው ስልክ ካላቸው የሚስጥር ቁጥሩን በሌላ ንጹሕ ስልክ ይቀይሩት።