ሉክሰምበርግ ላይ የቱን ላንብብ፣ የቱን ልስማ? ለጠየቀችው እህታችን

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። «ከመጣሁ ገና ወራት ነው፤ ፈረንሳይኛ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ፣ ጀርመንኛ ግን ምንም። የአገሩን ነገር ለመከታተል የቱን ጋዜጣ ላንብብ፣ የቱን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ልክፈት? አንዱን ቋንቋ ብቻ ይዤ መዝለቅ አይቻልም ወይ?» ነው ያልሽው። ይቻላል። በፈረንሳይኛ ብቻ ዓመታት የኖረ ከኛም መካከል ሞልቷል። እኔ ግን አልመክርሽም፤ ዜግነቱን የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ በፍጹም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቤልጅየም ወይም ስዊዘርላንድ ያለ ዘመድሽ «የኛ ሰፈር ፈረንሳይኛ ነው» ሊልሽ ይችላል። እዚህ እንዲህ የሚባል ሰፈር የለም። ያው አንድ የአገሬው ሰው ከልጁ ጋር በሉክሰምበርግኛ ያወራል፣ ጋዜጣውን በጀርመንኛ ያነባል፣ ሕጉ የሚወጣለት ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። ነገሩ ከትምህርት ቤት ይጀምራል፤ ልጆች ማንበብና መጻፍ ሲማሩ የኖሩት በጀርመንኛ ስለሆነ፣ ሲያድጉም እጃቸው ወደ ጀርመንኛው ጋዜጣ ይሄዳል። ሉክሰምበርግኛ በሕግ ብሔራዊ ቋንቋ የተባለው እንኳ በ1984 ነው። ስለዚህ የሚነበበው በአብዛኛው ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ፣ የሚሰማውና የሚታየው ግን ሉክሰምበርግኛ ነው። ይህን ካወቅሽ ግማሹ ግራ መጋባት ይቀልልሻል።

ትልቁ ጋዜጣ ሉክሰምቡርገር ቮርት ነው። በ1848 ተጀምሮ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ሆኖ ኖሮ፣ በ2020 ነው ሚዲያሃውስ ለሚባለው የቤልጅግ የሚዲያ ድርጅት የተሸጠው። ተፎካካሪው ታገብላት በ1913 የተመሠረተ የኤሽ ጋዜጣ ነው፤ ኤሽ የብረት ፋብሪካ ከተማ ስለነበረች ዝምድናው ከሠራተኛ ማኅበሩና ከሶሻሊስቶቹ ጋር ነው። ዛሬ ያ ነገር ላልቷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም፤ በምርጫ ሰሞን ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዪ ይገባሻል። ሁለቱም በብዛት ጀርመንኛ ናቸው። ግን አንድ ሚኒስትር በፈረንሳይኛ የተናገረውን እዚያው ጀርመንኛው ዜና መሀል እንዳለ ይተዉታል፤ ትርጉም ብሎ ነገር የለም። አንባቢው ሁሉንም ያውቃል ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ መጤን የሚያደክመውም ይኸው ነው።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ጠዋት ቮርት ሲመጣ አንዲት እማማ የፊት ገጹን ዞር ብለው አያዩትም፤ ቀጥታ ወደ ሞት ማስታወቂያው ነው። የሟቹ ስም፣ የቤተሰቡ ዝርዝር፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሉክሰምበርግኛ። መነጽራቸው ከጠፋባቸው እኔ አነብላቸዋለሁ፤ አነባበቤ ያስቃቸዋል፣ እየሳቁም ያርሙኛል። ከዚያ የማን ልጅ እንደነበረ፣ ማንን እንዳገባ፣ እርሻውን ለማን እንደሸጠ ይተርኩልኛል። ከኮርሱ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ገጽ ብዙ ቃል ይዣለሁ።

ሕዝቡ 700 ሺህ ሳይሞላ ይህ ሁሉ ጋዜጣ እንዴት ይኖራል ካልሽ፣ መንግሥት ይደጉማል። ድሮ ድጎማው በገጽ ብዛት ነበር የሚሰላው፤ በ2021ዱ ሕግ በጋዜጠኞች ቁጥር ሆነ። የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ገጽ መሙላት ማንም ይችላል።

አሁን ላለሽበት ደረጃ በሌሳንሲየል ጀምሪ። በ2007 በነፃ መታደል የጀመረ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ነው፤ ድረ ገጽም አለው፣ አጭርና ቀላል ነው። በየቀኑ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅየምና ከጀርመን ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ሠራተኛ ከ200 ሺህ በላይ ስለሆነ አንባቢ አያጣም። ጠለቅ ያለ ከፈለግሽ ለ ኮቲድየን አለ። እንግሊዝኛ ከቀለለሽ አርቲኤል ቱዴይ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ፖርቱጋሎቹ ከ1970 ጀምሮ ኮንታክቶ የሚባል የራሳቸው ጋዜጣ አላቸው።

ሬዲዮው ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ለዜግነት በሚሰጠው የሉክሰምበርግኛ ፈተና የመናገሩ ደረጃ ኤ2 ሲሆን የማዳመጡ ከዚያ አንድ እርከን ከፍ ያለው ቢ1 ነው። ማዳመጡ ከመናገሩ ይከብዳል ማለት ነው! በሳምንት ሁለት ቀን ኮርስ ብቻ ጆሮ አይከፈትም። አርቲኤል ሬዲዮን 92.5 ላይ ክፈቺና ወጥ ቤትም መኪናም ውስጥ ይጩህ። መጀመሪያ ዜናውን ለመረዳት አትታገዪ፤ የአየር ሁኔታውንና የመንገዱን ወሬ ያዢ። ማታ ማታ ኤ3 የሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ፈረንሳይ ድንበር መጨናነቁን ሳይናገሩ የሚያልፉበት የሥራ ቀን ብርቅ ነው፤ ያው ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመ ቁጥሩም፣ የከተማው ስምም፣ ግሡም ሳታስቢው ይገባሻል። ከዚያ ረጋ ያለ ንግግር ሲያምርሽ ወደ 100.7 ሂጂ፤ የሕዝብ ሬዲዮ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም።

የሚገርመኝ የአርቲኤል ታሪክ ነው። ያኔ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ተብሎ በ1933 ስርጭት ሲጀምር ዓይኑ ፈረንሳይና እንግሊዝ ላይ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ የንግድ ማስታወቂያ ያለው ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ገንዘቡን ያገኘው በሌሎች አገሮች ቋንቋ ነው። በሉክሰምበርግኛ በየቀኑ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን ግን የመጣው በ1991 ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ! ዛሬ የአርቲኤል ቴሌቪዥንን የ1 ሰዓት ተኩል የማታ ዜና ማየት በብዙ ቤት ልማድ ነው። አንቺ የፈረንሳይኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለበትን ፈልገሽ እዪ፤ ዓይንሽ ፈረንሳይኛውን ሲያነብ ጆሮሽ ሉክሰምበርግኛውን ይለምዳል። (ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ነው፤ በነሱ 19፡30።)

ልጅ ካለሽ ደግሞ ጀርመንኛው በትምህርት ቤት በኩል ቤትሽ ድረስ ይመጣል፤ ለቮርት አሁን ገንዘብ አታውጪ።

አማርኛን በተመለከተ፣ ራዲዮ አራ የሚባል በ102.9 እና 105.2 የሚሰማ ጣቢያ አለ፤ በጎ ፈቃደኞች በብዙ ቋንቋ ዝግጅት ያቀርቡበታል። እኛም ተሰባስበን የአየር ሰዓት ብንጠይቅ ደስ ይለኛል። ሐሳቡ የሚጥመው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ማይክ የማይፈራ ሰው ነው የቸገረኝ።